ከሦስተኛው ጥሪ በፊት

ይህ በእውነት የሆነ ነው። ሠላሳ ዓመት ግብረ ገብ ያስተማረች ሴት በስተርጅናዋ ውሸት አትለማመድም።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። በጊማራስ ደሴት በዚያ ሰዓት ምሳ በልቶ የማይተኛ የለም... ውሻ እንኳ አይጮኽም።

እኔ ግን ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ካርድ በሞላሁ ቁጥር፣ «የዕለት ጥሪ» የሚባል ያልተመዘገብኩበት አገልግሎት ሂሳቤን እየቆረጠ ባዶ ያስቀረኛል። እኅቴ ሬሜዲዮስ ጓዳ ውስጥ ታማ ተኝታለች። ትንፋሿ ሲያጥር ሐኪም ቤት የሚያደርሳትን ጀልባ የምጠራላት በዚሁ ስልክ ነው።

የስልክ ድርጅቱን ነጻ መስመር አንድ ወጣት አነሣው።

«የሰው ገንዘብ ሳይጠይቁ መውሰድ ስርቆት ነው። አሁኑኑ ሰርዝልኝ» አልኩት።

«ተስማምተዋል እኮ፣ እማማ።»

«አልተስማማሁም።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል።» ሳቀ። «የገዛ ድምፃቸውን ሲሰሙ ግን ጸጥ ነው።»

«እስቲ አሰማኝ፣ ቀጣፊ።»

ቅጂውን ከፈተው።

መጀመሪያ የቤታችን የቀርከሃ ደረጃ ሲንቋቋ ተሰማ... ያ ደረጃ እናታችን በሞተች ዓመት ፈርሷል።

ቀጥሎ የሴት ድምፅ፣ በቀስታ...

«ሆኖራታ...»

የእናቴ ድምፅ ነበር።

እኛ ዘንድ፣ ጠሪው ሳይታይ ስም ቢጠራ፣ ሦስት ጊዜ ካልደገመ አቤት አይባልም። የሚደግም ሰው ነው። የማይደግመው ግን...

ይህን ያስተማረችን እርሷው ነበረች።

በቅጂው ውስጥ እንቅልፍ የተጫነው የእኔ ድምፅ በመጀመሪያው ጥሪ መለሰ።

«አቤት፣ እማ።»

«ከማን ጋር ነሽ?»

«ከሬሜዲዮስ ጋር።»



«ሰርዘው» አልኩ። «የፈለግኸውን ያህል ቁረጥ... ብቻ ሰርዘው።»

«የእርስዎ ተሰርዟል፣ እማማ።» አሁን አልሳቀም። «የጠቆሟት ግን ገና አልመለሰችም።»

ያን ጊዜ ከጓዳው ያው የእናቴ ድምፅ...

«ሬሜዲዮስ...»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ሮጥኩ። እኅቴ ዓይኗን ገልጣ ጣራውን ታያለች። አፏን በመዳፌ ከደንኩት።

«እንዳትመልሺ» አንሾካሾክሁ። «እስክትደግም... ዝም በይ።»

እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ከንፈሯ ከመዳፌ ሥር እንደተገጠመ ነው። አልተንቀሳቀሰም።

ጠረጴዛው ላይ ከተውኩት ስልክ የሬሜዲዮስ ድምፅ ተሰማ...

«አቤት፣ እማ።»