ያልተጠየቁ ቤቶች

«ሰባት ነው የወለድኩት በይው» አለች አባይነሽ በሀዲይኛ። «አራቱ አሉ። ሦስቱ የሉም።»

ጵርስቅላ ወደ አማርኛ መለሰችው። ጠያቂው አቶ ኃይለመለኮት ደጁ ላይ በወጣለት በርጩማ ተቀምጦ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። በግራ እጁ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዟል። ከቤቱ ውስጥ ሁለት ላሞች ታስረው ያመሰኳሉ፤ ሽታቸው ከእሱ በቀር ማንንም አላስቸገረም።

«በሕይወት ያሉ፣ አራት» ብሎ ጻፈ።

«የተወለዱት ሰባት ናቸው» አለች ጵርስቅላ። «ለእሱ ከላይ ሌላ ሣጥን አለው።»

«አውቃለሁ» አለና የላይኛው ሣጥን ውስጥም አራት ብሎ ጻፈ።

ጵርስቅላ የተሳሳተ መሰላት። አባይነሽ ግን ቅጹን ማንበብ ስለማትችል ወሬዋን ቀጠለች። የመጀመሪያው ማቴዎስ ይባል ነበር፤ ኩፍኝ ወሰደው። ሁለተኛዋ ስም ሳይወጣላት ሞተች። ሦስተኛው በቃሬዛ ወደ ሆሳዕና ሐኪም ቤት ሲወስዱት መንገድ ላይ አረፈ። እየተቻኮለች ነበር የምታወራው፤ ይህን የሚጠይቃት ሰው ለዓመታት ስትጠብቅ የኖረች ትመስላለች።

«ምን እያለች ነው?»

«የሞቱትን ልጆች እየነገረችኝ ነው። እንዴት እንደሞቱ።»

«ለእያንዳንዱ ሟች አንድ አንድ ገጽ መሙላት እንዳለብኝ ታውቂያለሽ? ሦስት ገጽ!» መሐረቡን ከአፍንጫው ሳያነሣ ሳቀ። «አልሞቱም። በቃ።»

አባይነሽ ሲስቅ አይታ ደግ ነገር የተናገረ መስሏት እሷም ፈገግ አለች። ወደ ውስጥ ገብታ በትንሽ ገበታ አተካና የሚሉትን የቡላ ገንፎ ይዛ ወጣች። ቡላው በቅቤ ርሶ ያብረቀርቃል። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ምግብ ለመስቀል ወይም ለትልቅ እንግዳ ካልሆነ እንደማይሠራ ጵርስቅላ ታውቃለች። አቶ ኃይለመለኮት አንድ ማንኪያ ጎረሰ። ፊቱ ተጨማደደ። ዞር አለና እንሰቱ ሥር እንትፍ አደረገው፤ ከዚያ ምላሱን አውጥቶ በመሐረቡ ጠረገ።

አባይነሽ ገበታውን ከፊቱ አነሣች። ወደ ጵርስቅላ ጠጋ ብላ በዝግታ «ጨው አብዝቼበት ይሆን?» አለቻት።

«ኧረ የለም! ሆዱን አሞት ነው» አለች ጵርስቅላ።

ጵርስቅላ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ተማሪ። ከሦስት ሳምንት በፊት የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ቢሯቸው ጠርተው፣ በመላው ኢትዮጵያ ጥናት ሊደረግ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ለመጣው ጠያቂ በትርፍ ጊዜዋ እንድታስተረጉምለት ሲነግሯት ከደስታዋ የተነሣ እስከ ቤቷ ሮጣ ነበር። አስተማሪዋ አቶ ዳኘ ለክፍሉ በሙሉ አስረዱ። መንግሥት ከኤርትራ እስከ ሲዳሞ በዕጣ የወጡ ቤቶችን እየዞረ ሊጠይቅ ነው። ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ትምህርት፣ ሰው እንዴት እንደሚኖርና ምን እንደሚያስብ ይጠይቃል። መልሱ ተደምሮ ሐኪም ቤት የት እንደሚሠራ፣ አስተማሪ የት እንደሚላክ ይታወቃል። «ከእኛ አውራጃ የሚጠየቁት መቶ የማይሞሉ ቤቶች ናቸው» ብለው ነበር አቶ ዳኘ። «አንዱ ቤት ለብዙ ሺህ ሰው ይናገራል ማለት ነው።»

ሥራው ሲያልቅ አቶ ኃይለመለኮት የምስክር ደብዳቤ ሊሰጣት ቃል ገብቷል። ነርስ ለመሆን ስለምትፈልግ ደብዳቤው ያስፈልጋታል።

በመጀመሪያው ቀን እሷም ዋሽታለች። ፎንቆ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ውኃ ከየት እንደሚቀዱ ተጠይቀው፣ ከብቶቹ ከሚጠጡበት ኩሬ እንደሆነ ሲናገሩ፣ የአቶ ኃይለመለኮት መሐረብ ወደ አፍንጫው ሲወጣ አየችና «ከምንጭ ነው» ብላ ተረጎመች። አፍራ ነው። በወገኖቿ አፍራ። ያን ዕለት ብልህ የሆነች መስሏት ነበር። ከአባይነሽ ቤት ስትመለስ ግን ነገሩ ትዝ ሲላት ሰውነቷ ቀፈፋት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ እንደተቀጣጠሩት፣ አቶ ኃይለመለኮት ወዳረፈበት ሆቴል ሄደች። መንገድ ለመውጣት የተዘጋጀ ሰው አላገኘችም። ቡና ቤቱ ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ በግማሽ የተበላ ጥብስ ረግቷል፤ የተጋጡት አጥንቶች በቅጾቹ ክምር ላይ ተጥለዋል። አንዱ ቅጽ ላይ ስቡ ወርዶ ወረቀቱን አርሶታል። ዝንቦች አጥንቱ ላይ ያርፋሉ፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ።

«ነይ፣ ነይ! በሰዓቱ መጣሽ» አላት። ጣቶቹ በስብ ያብለጨልጫሉ። «ዛሬ እግራችን ያርፋል። ተቀመጪ።»

«ወደ ቦኖሻ መንገድ አይደለም የምንሄደው?»

«ደርሰን መጣን እኮ!» ክምሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ሠላሳ አንድ ቤት። ከትናንት ማታ ጀምሮ። የቀረኝ ስም ነው። የሀዲያ ስም አንቺ ታውቂያለሽ፣ እስቲ አቀብዪኝ።»

የተባለው ነገር ገና ሳይገባት አፏ ቀደማት። «ሎምቤ... ኤርቀሎ... ሃንዳሞ...» እሱ እየተከታተለ ጻፈ። ሦስተኛው ላይ ቆም አለች።

«ቀጥይ እንጂ።»

«እነዚህ ሰዎች የት ናቸው?»

«የቶቹ?»

«አሁን የጻፏቸው።»

«አንቺ ልጅ፣ ትንሽ አራዳ ሁኚ» አለና ጥርሱን በጥፍሩ እየጎረጎረ ወደ ኋላው ተለጠጠ። «ሁሉም ቤት ያው ነው። ያው ቆጮ፣ ያው ላም፣ ያው ጭስ። ሃያ ቤት ካየሁ የሌላውን ለማወቅ ጭቃ መርገጥ አለብኝ? አዲስ አበባ ሲደርስ ስም የለም፤ ቁጥር ነው የሚሆነው። በሌላውም አውራጃ እንደዚህ ነው የሚሠራው፣ ምን መሰለሽ!»

ጵርስቅላ አንዱን ቅጽ በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ሳበችው። የአስተሳሰብ ጥያቄዎቹ ገጽ ነበር። «ሐኪም ቤት ከባህል መድኃኒት ይሻላል ብለው ያምናሉ?» አያምኑም። «ሴት ልጅ ብትማር ይጠቅማል ብለው ያምናሉ?» አያምኑም። ሁለተኛውን ቅጽ ሳበች። አያምኑም፣ አያምኑም። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ያው ነው። በሰባተኛው ላይ ስሙን አነበበችው። ላምቤቦ። ሥራ፣ ገበሬ። ማንበብና መጻፍ፣ አይችሉም። ሴት ልጅ ብትማር? አያምኑም።

«ይሄ የአባቴ ስም ነው።»

«ስም ጠፍቶኝ ያንቺን አስታወስኩና ከእሱ ላይ ወሰድኩ። ስም ነው እንጂ ሰው አይደለም፤ ምን ቸገረሽ?»

አባቷ ማንበብ ይችላል። ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ ነው የተማረው። ይህን ልትነግረው ፈለገች፤ ግን አፏን ብትከፍት ከቃል በፊት ሌላ ነገር የሚወጣባት መሰላት። የስቡ ሽታ፣ የዝንቡ ድምፅ፣ ያ በጥርሱ መካከል የሚመላለስ ጥፍር ሁሉ አስጠላት።

«ሰኞ ተቆጣጣሪው ይመጣል» አለ። «በእያንዳንዱ ቅጽ ግርጌ አስተርጓሚ የሚል መስመር አለ። እሱ ፊት ትፈርሚያለሽ፣ አለቀ።» ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ደብዳቤሽ ተጽፏል። ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። 'ታማኝና ትጉህ' ብዬሻለሁ።»

ጵርስቅላ ተነሥታ ወጣች። ከሆቴሉ ጀርባ ካለው አጥር ሥር ደርሳ ጠዋት የበላችውን ሁሉ አስመለሰች።

ከሰዓት በኋላ አባቷ እንሰት ጓሮ ውስጥ ቅጠል ሲያራግፍ አገኘችው። ምን እንደሆነች አልጠየቃትም፤ ማጭድ አቀበላትና አብራው መሥራት ጀመረች።

«አባዬ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። እንደ ጥናቱ ነው» አለችው በቤታቸው ቋንቋ። «ሴት ልጅ ብትማር ይጠቅማል ብለህ ታምናለህ?»

አቶ ላምቤቦ የደረቀውን ቅጠል እንደያዘ ቆመ።

«በፊት አላምንም ነበር» አለ። «እህትሽ አስካለች ልማር ስትለኝ እምቢ አልኳት። አንቺን ግን አስገባሁሽ። አሁን አምናለሁ። ግን እፈራለሁ። ተምረሽ ከሄድሽ እዚህ ማን ይቀራል እያልኩ እፈራለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ አስካለችን ሳያት ዓይኗን ማየት ያቅተኛል።» ቅጠሉን ጣለው። «ምን ብለሽ ትጽፊዋለሽ?»

«አላውቅም።»

«ጥያቄው ጥሩ ነው» አለ አባቷ። «እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ወደ አውራጃው ግዛት ቢሮ ሄደች። ተቆጣጣሪው አቶ ወልደየሱስ ጸጉራቸው የሸበተ፣ የመንገድ አቧራ ከኮታቸው ያልተራገፈ ሰው ነበሩ። በስተጀርባቸው ግድግዳው ላይ የግርማዊ ጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል። ቅጾቹ ጠረጴዛው ላይ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ ስብ የነካው የለም፤ ያ በአዲስ ወረቀት ተገልብጧል። አቶ ኃይለመለኮት ሽቶ ተቀብቶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ጵርስቅላን ሲያይ ፈገግ አለ። ፈገግታው እጅ ሆኖ የነካት ይመስል ትከሻዋ ተሸማቀቀ።

«ጎበዝ አስተርጓሚ እንደሆንሽ ነግሮኛል» አሉ አቶ ወልደየሱስ ብዕር እያቀበሏት። «እዚህ ጋ ፈርሚ፣ ልጄ።»

ብዕሩን ተቀበለች። ፈርማ ብትወጣ በሩ ሦስት እርምጃ ነው። ማንም አይጠይቃትም። ደብዳቤውን ይዛ ትሄዳለች።

«እነዚህ ቤቶች አልተጠየቁም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሠላሳ አንዱ። አቶ ኃይለመለኮት ቡና ቤት ቁጭ ብለው ነው የሞሏቸው። ሦስቱን ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይሄኛው ደግሞ የአባቴ ስም ነው። ማንም አልጠየቀውም።»

«ውሸቷን ነው!» አለ አቶ ኃይለመለኮት። «ገንዘብ ስጠኝ ብላኝ እምቢ ስላልኳት ነው፤ ይች ባላገር...»

«ዝም በል!» አሉት ተቆጣጣሪው፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «የቀሩትስ? እነሱ እውነት ናቸው?»

አሁን የሚመጣው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበዳት። «አይደሉም። በወይዘሮ አባይነሽ ቅጽ ላይ ሦስት የሞቱ ልጆች ተትተዋል። በመጀመሪያው ቀን በጠየቅናቸው ሽማግሌ ላይ ደግሞ እኔ ዋሽቻለሁ። ውኃቸው የኩሬ ነው፤ ከምንጭ ነው ያልኩት አፍሬ ነው።»

አቶ ወልደየሱስ ቅጾቹን ወደ ራሳቸው ሳቡ። በቅጾቹ ላይ ጣታቸውን ወደ ታች እያወረዱ አነበቡ። አያምኑም፣ አያምኑም፣ አያምኑም። መጨረሻ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የታከታቸው ይመስላሉ፣ ያም አስጠላት።

«ውጣ» አሉት ኃይለመለኮትን። «ኋላ እንነጋገራለን።»

አቶ ኃይለመለኮት ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ፣ እያየችው ለአራት ቀደደውና ወለሉ ላይ በትኖት ወጣ። ሽቶው ግን ክፍሉ ውስጥ ቀረ።

«ይባረራል?» ብላ ጠየቀች።

«የማን ዘመድ እንደሆነ አታውቂም» አሉ አቶ ወልደየሱስ። «ምናልባት ወደ ሌላ አውራጃ ያዛውሩት ይሆናል።»

«እዚያም እንዲሁ ሊጽፍ?»

መስኮቱን ሄደው ከፈቱት። ሲመለሱ ቅጾቹን ሰብስበው ከእግራቸው ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ ወረወሯቸውና ያልተጻፈባቸውን አወጡ።

«እኔ ራሴ ነገ እጀምራለሁ። ሁለት ሳምንት አለኝ። ችግሩ ቋንቋውን አልችልም፤ ደብዳቤ የመስጠት ሥልጣንም የለኝም።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና አይዋት። «ሌላ የሚያስተረጉም ልጅ ታውቂያለሽ?»

ጵርስቅላ በቤት ያለውን ሥራ፣ የሚኒስትሪ ፈተናውን፣ እስከ ዶዮገና መንገድ ድረስ ያለውን ጭቃ አሰበች። ወለሉ ላይ የተበተነውን ወረቀት አላነሣችውም።

«በዘጠኝ ሰዓት ከትምህርት ቤት እወጣለሁ» አለች። «ግን ሰው የሚለውን ሁሉ ነው የምተረጉመው። ቢረዝምም፣ ሣጥኑ ውስጥ ባይገባም። መሐል ላይ አያቋርጡኝም።»

አቶ ወልደየሱስ በእጃቸው ያሉትን ባዶ ቅጾች አገላበጡ።

«ወረቀት አብዝቼ እይዛለሁ» አሉ።

«እንግዲያው ነገ የትምህርት ቤቱ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ» አለችና የደብተር ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።