የስምንት ቀን ወንፈል

በ፲፱፻፵፭ ዓ.ም. ማብቂያ ክረምቱ በጃናሞራ ላይ ከፋ። በሐምሌ በረዶ የባቄላውን አበባ አራገፈው፤ በነሐሴ በጎቹ በብርድ አለቁ፤ አዲሱ ዓመት በባተ በሳምንቱ ተስቦ ገባ። ዝናቡ እስከ ጥቅምት አላባራም። ገብሱ ደርሶ በማሳው ቆመ፤ የሚያጭደው ሰው ግን ወይ ተኝቷል፣ ወይ ተቀብሯል፣ ወይም የታመመ ያለበትን ቤት ሸሽቷል። ከመካነ ብርሃን የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቀው በጅብራ ሜዳ መንደር፣ ከአርባ ጭስ በሃያ ስድስቱ በሽታው ነበረ።

ኅዳር ፫ ቀን አንድ ሰው ሁለት የቆርቆሮ ሣጥን የተጫነች በቅሎ እየሳበ ወደ መንደሪቱ ወጣ። ስሙ ቢያዝን፣ አገሩ አዘዞ፣ ዕድሜው አርባ ሁለት ነበር፤ በያዘውም ደብዳቤ «ወንጌላዊ ቢያዝን» ተብሏል። የላከው በጎንደር ከተማ ዳር ክሊኒክ የከፈተ የውጭ አገር ሚሲዮን ነው።

ወንጌላዊ ይባል እንጂ የሚያምነው ነገር አልነበረውም። በ፲፱፻፴፬ ዓ.ም. ጣልያን ጎንደርን በለቀቀ ሰሞን፣ ሚስቱ ሽታዬና የአራት ዓመት ልጁ አበቡ በአንድ ሳምንት ውስጥ በተስቦ ሞቱ፤ እሱም በዚያው በሽታ ራሱን ስቶ ተኝቶ ነበር። ሲነሣ ጎረቤት ቀብሯቸው ቆየው፤ ከቀባሪዎቹም የሚበዙት ሞተው ነበር። ዕንባ ጠበቀ፤ አልመጣም። በደረቅ ዓይን ልቅሶ መቀመጥ አፈረ፤ ስለዚህ ሳይቀመጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አባታችን ሆይ ሲል የሚናገረው ከንፈሩ ብቻ ሆነ። ሚሲዮኑ ዘንድ የገባው በዘበኝነት ነው፤ ተስቦን የማይፈራ እሱ ብቻ ስለ ነበር ወደ ታመመ ቤት ይልኩት ጀመር፤ መርፌ መውጋት ተማረ፤ ማዕርጉም ተከትሎ መጣ። በ፲፱፻፴፮ ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ደግሞ የውጭ ሚሲዮን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጸናበት አገር እንዲያክምና እንዲያስተምር እንጂ እንዲሰብክ አይፈቅድም። ሌሎቹ በዚህ ያዝኑ ነበር፤ ለቢያዝን ግን ዕረፍት ሆነው፤ የሚሰብከው አልነበረውምና።

የመንደሩ ጭቃ ሹም አላምረው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ተቀምጠው ደብዳቤውን አስነበቡ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ራቅ ብሎ እንዲቆም አዘዙት።

«መድኃኒታችሁ ስብከት አለበት አሉ፤ በቀን ስንት ማንኪያ ነው?»

«መስበክ ተከልክያለሁ፣ ጌታዬ።»

«ማን ከለከለህ?»

«መንግሥት።»

«እንግዲያ ድምፁን አጥፍቶ የሚያጠምደውን ነዋ የላኩብን።»

በዚያ የነበሩት ሳቁ፤ እየሳሉም የሳቁ ነበሩ። ማደሪያ የሰጠው የለም፤ በጎቹ ያለቁበት ባዶ ጋጥ ውስጥ አደረ። ሁለት ቀን በየደጁ ቆሞ «ተስቦ ያለበት አለ?» እያለ ጠየቀ፤ ሁሉም የለም አሉት፤ ከጓዳ ግን የሚቃዥ ሰው ድምፅ ይሰማል።

በሦስተኛው ቀን ታየች የምትባል ሴት ወደ ጋጡ መጣች። ባሏ ማሩ ከተኛ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር፤ ሦስት ልጆች አሏት። ስድስት ቤት የእነሱ የወንፈል ዕዳ አለበት፤ እሷና ባሏ አምና ለየቤቱ አጭደውለታል። በዚያ አገር ወንፈል ቀን በቀን የሚመለስ ሥራ ነው፤ ሳይመልስ የቀረ ሰው በክፉ ቀን ማንም ከማሳው አይደርስለትም። ዘንድሮ ግን በሽታው ስለ ተፈራ ከስድስቱ ቤት አንድም ሰው አልመጣ። ገብሱ ከረገፈ ልጆቹ ፋሲካን አያዩም።

«አንተ ሰው፣ መርፌህን ተወው፤ ማጨድ ትችላለህ?» አለችው።

«እችላለሁ።»

«እንግዲያ ና። በነፃ ግን አልፈልግም፤ ወንፈል ነው።»

ስምንት ቀን አጨደ። በሦስተኛው ቀን ሳትጠራው በሩን ከፍታ ተወችለት። ማሩን ወጋው፤ ልብሱን ሁሉ ቀቀለ፤ ቅማሉ እንዳይዛመት የልጆቹን ራስ ላጨ። ወደ እሷ ሲዞር ራሷን በሁለት እጇ ያዘች፤ በአገሩ ሴት የምትላጨው ባል ሲሞት ነውና «ምነው፣ ሳይሞት ሞቱን ልጥራው?» አለችው። ቢያዝን ምላጩን አጠፈ፤ ቅማል የሚገድለውን ነጭ ዱቄት ብቻ በፀጉሯ ላይ ነሰነሰላት።

በአምስተኛው ቀን ጎን ለጎን እያጨዱ ሳለ ጠየቀችው።

«ምሽት የለህም?»

«ሽታዬ ነበረች። አበቡ የምትባል ልጅም ነበረችን።»

«ማን አለቀሰላቸው?»

«ማንም።»

ታየች ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ጎንበስ አለች። እስከ ማሳው ዳር አጨዱ።

በስምንተኛው ቀን ገብሱ ተከመረ። በማግሥቱ ጧት ማሩ ሞተ፤ መድኃኒቱ ዘግይቶበት ነበር። መንደሩ ፍርሃቱን ትቶ ለቀብር ወጣ። ቢያዝን ከወንዶቹ መካከል ቆመ፤ ማሩን ስድስት ቀን አጥቦታል፣ አብልቶታል፤ ዓይኑ ግን ደረቅ ነበር። ጭቃ ሹም አላምረው አዩት፤ ሌሎቹም እንዲሰሙ አድርገው «ይህ ሰው ድንጋይ ነው» አሉ።

ታየች ራሷን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ሰማቻቸው።

«ድንጋይ አይደለም» አለች። «የፊተኛው ሳይለቀስ የኋለኛው አይመጣለትም።» ከዚያ ወደ እሱ ዞራ «አያ ቢያዝን፣ ስምንት ቀን አለብኝ» አለችው።

ማሳ እንደሌለው ነገራት፤ እንዲቀርም ጠየቃት። ወንፈል ይቅር እንደማይባል መለሰችለት።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤቶቹ ተከፈቱለት። እስከ ጥር ቆየ፤ ከቤት ቤት እየዞረ ወጋ፣ ቀቀለ፣ ላጨ፣ ቀበረ። የጭቃ ሹሙን እናት በጀርባው አዝሎ ፀሐይ ላይ ያወጣቸው ነበር። አንድ ጧት እኒያን አሮጊት አጥቦ ሲጨርስ፣ አባታችን ሆይ ብሎ እስከ መጨረሻው እንደ ደረሰና የተናገረው ከንፈሩ ብቻ እንዳልነበረ አስተዋለ። ደስ አላለውም፤ አልፈራምም፤ አስተዋለ ብቻ። ውኃውን ደፍቶ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

ወደ ጎንደር ተመልሶ ሦስት ዓመት በዚያው ሥራ አሳለፈ። የሚሲዮኑ ኃላፊ ስለ ጃናሞራ ሲጠይቁት የታከመውን ሰው ቍጥር ይነግራቸዋል፤ ሌላ የሚለው የለም።

ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. በአዘዞ ከቤቱ አጥር ውጭ ስምንት ሰዎች ቆመው አገኘ። እስከ ደባርቅ በእግር፣ ከዚያ ወዲህ በጭነት ማኪና መጥተዋል፤ አቧራ ለብሰዋል። ታየች ከፊት ነበረች፤ ጭቃ ሹም አላምረውም በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። ግቡ በለን አላሉም፤ እህል ውኃም አልፈለጉም።

«ዘገየሁ» አለች ታየች። «ሁለት ዓመት ሰው አልተረፈኝም፤ በሦስተኛው መከሩ ተሰበሰበ። አንድ ሰው ስምንት ቀን ቢሠራ፣ ስምንት ሰው አንድ ቀን ቢሠራ፣ ወንፈሉ ያው ነው። ሽታዬና አበቡ የት ናቸው?»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መራቸው። መቃብሩን ለይቶ አያውቀውም ነበር፤ በጽዶቹ ሥር ያለውን መሬት በእጁ አሳያቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ታጠቁና ቆሙ። ታየች ሙሾ አወጣች፦

ሽታዬ ሽታዬ፣ አላውቀው መልክሽን፤
ባልሽ አጭዶልኛል፣ ላልቅስ ድርሻሽን።

ሰባቱ ተቀበሏት። ጭቃ ሹም አላምረው ደረታቸውን መቱ። ድምፁን የሰማ የአዘዞ ሰው መሰብሰብ ጀመረ፤ አንዲት ሴት ማን እንደ ሞተ ጠየቀች፤ የቢያዝን ሚስትና ልጅ መሆናቸው ተነገራት። መቼ አለች፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆናቸው አሏት። ጥቂት አመነታችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች።

ቢያዝን ብዙ ጊዜ ቆሞ ቆየ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ከጉሮሮውም ድምፅ ወጣ። ልቅሶ አይመስልም፤ ትን ያለው ሰው ሳል ይመስላል። ሊይዘው የቀረበ አልነበረም፤ ይጨርስ ብለው ተዉት።

የዚያ የተስቦ ዘመን በሁለት ወረቀት ተጽፏል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት የሞተውን ሰውና የጠፋውን እህል ጻፈ፤ ሚሲዮኑም ወደ አገሩ በላከው ደብዳቤ አንድ ሠራተኛው ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሰው እንዳከመ ገለጸ። የቢያዝን ስም በአንዱም ላይ የለም፤ የሽታዬና የአበቡ ስምማ በየትም አልተጻፈ።

ፀሐይዋ ከጽዶቹ ዘወር ስትል ልቅሶው ቆመ። ታየች ቀሚሷን አራግፋ ወደ ቢያዝን መጣች፤ ፊቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

«አያ ቢያዝን፣ ከእንግዲህ የለብኝም» አለችው፤ እሱም የለብሽም አለ።