ሶልያና ዝም ያለችባቸው ሠላሳ ቀናት

ሶልያና አለምነህ ትባላለች። ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ነው። ቤታቸው ደባርቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። አንዳንዶቻችሁ ታውቋት ይሆናል፤ እዚሁ ሰንበት ትምህርት ቤት ከመካከላችሁ ተቀምጣ ትማር ነበር። ታሪኩን እንድነግራችሁ የፈቀደችው እሷው ራሷ ናት። «ይንገሯቸው፤ ሌላ ልጅ እንደኔ እንዳይሆን» ብላኛለች።

አባቷ አቶ አለምነህ የጽሕፈት ሥራ የሚሠሩበት ሱቅ አላቸው። ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ፎቶ ኮፒ ያነሣሉ፤ ሰነድ ስካን ያደርጋሉ። የብዙ ሰው ወረቀት እሳቸው ዘንድ ይቀመጣል። የጋብቻ ውል አለ፤ የትምህርት ማስረጃ አለ። ከጥቂት ዓመት በፊት ሰነድ ያስቀመጡበት ሃርድ ዲስክ ወድቆ ተበላሸና ብዙ ነገር ጠፋባቸው። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም የሚያስቀምጡት ኢንተርኔት ላይ፣ ክላውድ በሚባለው ማከማቻ ሆነ። ክላውድ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ሩቅ አገር ባለ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ የተከራያችሁት መደርደሪያ በሉት። ኪራዩ በየወሩ ይከፈላል። መደርደሪያው ሲሞላባችሁ ደግሞ ሰፊውንና ውዱን ተከራዩ ይባላል።

የአቶ አለምነህ መደርደሪያ ሞላ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ በየጊዜው ይጨምራል፤ ሱቁ ደግሞ ያው ትንሽ ሱቅ ነው። አንድ ቅዳሜ ከቅዳሴ መልስ ሶልያናን ጠሯት።

«ሶሊዬ፣ አንድ ሥራ ልስጥሽ። አንዱን ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ያስቀመጥንበት ብዙ ቦታ አለ። አንድ በአንድ እየከፈትሽ ድጋሚ የሆነውን ብቻ አጥፊ። ቦታው ከቀነሰ ወደ ትንሹ ኪራይ እንወርዳለን።»

«እሺ አባዬ።»

«ያልገባሽን ግን እንዳትነኪ። ጠይቂኝ።»

ይህን ብለው ወረቀትና ቀለም ሊገዙ ወጡ።

ሶልያና መጀመሪያ ላይ በጥንቃቄ ሠራች። ትከፍታለች፤ ታያለች፤ ታመሳክራለች፤ ከዚያ ታጠፋለች። አንድ ሰዓት ያህል እንደ ሠራች ጓደኛዋ ጽጌሬዳ እያለከለከች ደረሰች።

«የዳባት ልጆች መጡ! መረብ ኳሱ ሊጀመር ነው፤ ነይ እንጂ!»

«ሥራ አለብኝ።»

«ስንት ቀረሽ?»

ሶልያና ኮምፒውተሩን አየች። ብዙ ቀርቷታል። ከሁሉ የሚበልጥ ቦታ የያዘ አንድ ፎልደር ነበር። በውስጡ ከአራት መቶ በላይ ምስል አለ። አንዱን ከፈተችው፤ ቡናማ ወረቀት ላይ የተጻፈ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ግእዝ ስለሆነ አልገባትም። ሌላ ከፈተች፤ ያው ቡናማ ወረቀት። «ሁሉም አንድ ነው» አለች ለራሷ። አንድ እንዳልሆነ ግን ልቧ ያውቅ ነበር። አባቷ እስኪመለሱ ብትጠብቅ ጨዋታው ያልቃል። ሁሉንም መረጠችና አጠፋችው። መደርደሪያው ወዲያው ቀለለ። ከሥር አንድ ጽሑፍ መጣ፦ «ያጠፉትን በሠላሳ ቀን ውስጥ መመለስ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ አይገኝም።» ሶልያና አነበበችው። ከዚያም ወደ ኳሱ ሮጠች።

ማታ አባቷ በጣም ተደሰቱ።

«ጎበዝ! የመሪጌታ ተክለ ማርያምን ደብተር ግን አልነካሽም አይደል? ያን ቡናማውን ወረቀት።»

ሶልያና ደነገጠች። እውነቱን ለመናገር አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «ነክቻለሁ» ማለት ብቻ። አባቷም በዚያው ማታ በመለሱት ነበር። እሷ ግን «አልነካሁም» አለች። በማግስቱ አቶ አለምነህ ወደ ትንሹ ኪራይ ወረዱ።

መሪጌታ ተክለ ማርያም የጃናሞራ ሰው ናቸው፤ የቅኔ መምህር። በወጣትነታቸው የኔታ ሀብተ ሚካኤል ከሚባሉ መምህር ተምረዋል። የኔታ የዘረፉትን ቅኔ ሁሉ ከአፋቸው እየሰሙ በአንድ ደብተር ጽፈው አቆይተዋል። የኔታ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ሌላ የጻፈላቸው ሰው የለም። ባለፈው ዓመት መሪጌታ ደብተሩን ይዘው መጥተው ስካን አስደርገውት ነበር። አቶ አለምነህም «እንግዲህ ቢዘንብም ቢቃጠልም አይጠፋም» ብለው ቃል ሰጥተዋቸዋል። ሶልያና ይህን ሁሉ ያወቀችው በኋላ ነው።

ቀኑን መቁጠር ጀመረች። «ገና ሃያ አምስት ቀን አለኝ» ትላለች። «ገና አሥራ ስምንት አለኝ።» ደብቃ እንዳትመልሰው ትንሹ መደርደሪያ ሞልቶ ያጋልጣታል። መናገር ነበረባት። በሃያኛው ቀን አባቷ ሻይ እየጠጡ ሲስቁ አይታ «አባዬ» አለች።

«ወዬ?»

ደንበኛ ገባ። «ምንም አይደለም» ብላ ወጣች።

እኔም በየእሑዱ አያት ነበር፤ ዓይኗን ትሰብራለች፤ ከመዝሙሩም ድምጿ ጠፋ። አልጠየቅኋትም። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ ልጆች፣ እኔንም ይቅር በሉኝ።

በሃያ ስምንተኛው ቀን «ነገ እነግረዋለሁ» ብላ ወሰነች። በማግስቱ በደባርቅ መብራት ጠፋ። ሶልያና ደስ አላት፤ «ኮምፒውተሩ አይሠራም፤ ብነግረውም ምን ያደርጋል» አለች። አፏን ለመክፈት ግን መብራት አያስፈልጋትም ነበር። መብራቱ በመጣ በማግስቱ፣ በሠላሳ አንደኛው ቀን፣ አባቷ ሳያዩ ኮምፒውተሩን ከፈተች። የተጣለው የሚቆይበት ቦታ ባዶ ነው። አንድም ቡናማ ወረቀት የለም። «ደብተሩ ራሱ እኮ ጃናሞራ አለ» ብላ ራሷን አጽናናች።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን መሪጌታ ተክለ ማርያም መጡ።

ጋቢያቸው ጭስ ጭስ ይሸታል። እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። አቶ አለምነህ ብድግ ብለው ወንበር ሰጧቸው።

«ምነው የኔታ፣ ምን ሆኑ?»

«መብረቅ ወርዶ ጎጆዬ ተቃጠለ፣ ልጄ። እኔን እግዜር አወጣኝ። ደብተሩን ላወጣ ገብቼ ነበር፤ እጄን አቃጠለኝ እንጂ አልደረስሁበትም።» ቀና ብለው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ግን አንተ ዘንድ አለ ብዬ ተጽናናሁ። መንገዱን ሁሉ እሱን እያሰብሁ መጣሁ።»

«አለ እንጂ! አይዞዎት» አሉ አቶ አለምነህና ኮምፒውተሩን ከፈቱ። ፈለጉ። ደግመው ፈለጉ። ግንባራቸውን ላብ ላብ አላቸው።

ሶልያና በር ላይ ቆማ ነበር። ማንም አልጠረጠራትም። ዝም ብትል አባቷ የኢንተርኔቱን ድርጅት ይወቅሳሉ። ግን የተጠቀለለውን እጅ አየችና ወደ ውስጥ ገባች። በመሪጌታ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ኳስ ላይ ልሂድ ብዬ። መመለስ ይቻል ነበር፤ ሠላሳ ቀን ነበረኝ፤ ፈራሁ።»

«መቼ ነው ያጠፋሽው?» አሉ አባቷ።

ነገረቻቸው። አቶ አለምነህ በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። በዚያው ቀን ለድርጅቱ ጻፉ፤ ለመኑ። በማግስቱ መልስ መጣ፤ ጊዜው አልፏል፤ ምንም ማድረግ አይቻልም የሚል።

መሪጌታ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። ቀጥለውም ቀስ ብለው «የኔታ ሀብተ ሚካኤል አሁን ገና ሞቱ» አሉ።

ሶልያና ንስሐ ገባች። ካህኑም ከጸሎቱ ጋር አንድ ነገር አዘዟት፤ መሪጌታ የሚያስታውሱትን እየተቀበለች እንድትጽፍ። መሪጌታ ለእጃቸው ሕክምና ደባርቅ ዘመድ ቤት ሰንብተዋል። ሶልያና በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ ደብተር ይዛ እግራቸው ሥር ትቀመጣለች። እስካሁን ሙሉ ሆኖ የተጻፈው ሰባት ቅኔ ነው። ከአራት መቶ ገጽ ሰባት ቅኔ። መሪጌታ አርጅተዋል፤ አስታውሳለሁ ያሉት ይሸሻቸዋል።

ባለፈው ሐሙስ እኔም አብሬ ነበርሁ። መወድስ የሚባለውን ባለ ስምንት ቤት ቅኔ ጀመሩ። ድምፃቸው አማረ፤ የመጀመሪያው ቤት፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ወረደ። ሶልያና ትጽፋለች። አራተኛው ላይ ቆሙ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ አራተኛው ላይ ቆሙ። ሦስተኛ ጊዜም ያው ሆነ።

«ጠፋኝ፣ ልጄ» አሉ።

«እጠብቃለሁ፣ የኔታ» አለች ሶልያና።

ብዕሯን እንደ ያዘች ጠበቀች። እስኪመሽ ተቀመጥን። አልመጣም።

ልጆች፣ ስታጠፉ፣ ጥፋታችሁ ሊታረም በሚችልበት በዚያው ቀን ተናገሩ፤ እግዚአብሔር ንስሐችንን መቼም ቢሆን ይቀበላል፣ በዝምታችን የጠፋው የሰው ነገር ግን ሁልጊዜ አይመለስም።