ከትምህርቱ በኋላ ያሉት አሥር ሰከንዶች

«እጄን ቆርጠኸዋል» አለችው፣ ገና በሩን እንደከፈተች።

ኤዲተሩ ደነገጠ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ነህ የለ! የሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ «መቀስ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ የሰው እጅ ቆርጠሃል ያለው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። ቀና ሲል የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋን አየ፤ በትምህርት ፕሮግራሞቹ ላይ ከስክሪኑ ጥግ በትንሽ ሳጥን ውስጥ የምትታየውን።

«ሳጥኑን አጥብበኸዋል። እጄ ከወጣ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚያዩት ፊቴን ብቻ ነው። በፊቴ ደግሞ ሳይንስ አይማሩም።»

መቀስ ከፊቷ ላይ ዓይኑን መንቀል አቅቶት «አሰፋዋለሁ» ብቻ አለ። አሰፋውም። ከዚያች ቀን ወዲህ ልቡ የእሱ አልሆነችም።

በዚህ ብሔራዊ የባህልና የትምህርት ቴሌቪዥን አንድ ደንብ አለ። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ካሜራው ለአሥር ሰከንድ አይጠፋም፤ ኤዲተሩ እንደልቡ እንዲቆርጥ ነው። መምህራኑ በዚያች ቅጽበት ወረቀታቸውን ይሰበስባሉ። እሷ ግን ካሜራውን ትክ ብላ እያየች በእጇ አንድ ነገር ትላለች። ከዚያ ፈገግ ትላለች።

ለማን? መቀስ ምልክት አይችልም። ከካሜራው ጀርባ የሚቆመው ግን ሎጋው፣ ጨዋታ አዋቂው ካሜራማን ነው። «ለእሱ ነው እንጂ ለማን ይሆናል» አለ ለራሱ። እየቀና አሥሯን ሰከንድ ይቆርጣታል። መጣል ግን አልሆነለትም፤ አንድ ባንድ በፍላሽ አጠራቀማት።

አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ጠበቀችው።

«የትናንቱን አየኸው? መጨረሻ ላይ ያለውን...»

ከካሜራማኑ ጋር የተጫወተችው አየር ላይ እንዳይወጣ የፈራች መሰለው።

«አይቼዋለሁ። ቆርጬዋለሁ፣ አታስቢ።»

ፊቷ ዳመነ። «እሺ» አለች ቀስ ብላ። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ።»

በወሩ መስማት የተሳናቸው ልጆች ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። በእሷ ቦታ በአሥሩ ሰከንድ አፍንጫውን የሚያክ ሰውዬ መጣ። ካሜራማኑ እንደወትሮው ይስቃል። «እሷን የመሰለች ሄዳበት እንዴት አይከፋውም?» እያለ መቀስ ተናደደበት። እሱስ እህል መቅመስ እንኳ አቅቶት ነበር።

እናቱ ጆሯቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቁጭ ብሎ ማዘን አያውቁበትምና፣ ጣቢያው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተላልፈውን የምልክት ቋንቋ ትምህርት ደብተር ይዘው ተከታተሉ። ልጃቸውን «አብረኸኝ ተማር» ሲሉት መልሱ ሁልጊዜ «ጊዜ የለኝም» ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ያንቀላፉ መስሎት ፍላሹን ሳሎን ቴሌቪዥን ላይ ሰካ። አንዷን አሥር ሰከንድ ደጋገማት።

«አረንጓዴው ሹራብ ያምርብሃል» አሉ እናቱ ከኋላው።

«ምን?»

«ልጅቷ ናታ። እሱን ነው የምትለው።»

«ለካሜራማኑ ነው፣ እማዬ!» እንዲሰሙት ጮኸ።

እናቱ ሳቁ። «እኔ በእጄ የሠራሁትን ሹራብ ካሜራማኑ መልበስ የጀመረው መቼ ነው?»

መቀስ ጎንበስ ብሎ ደረቱን አየ። ያንኑ አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል።

«ቀጥል እንጂ! እ... ‹ትናንት ራስህን ይዘህ ነበር፣ አሞሃል?› ... ‹በመስኮትህ ሳልፍ ቀና በል›...» የመጨረሻዋ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ለሰለሰ። «‹ወድጄሃለሁ። ነገ ኮሪደር ላይ መልስህን እጠብቃለሁ።› ምን ብለህ መለስክላት?»

«ቆርጬዋለሁ፣ አታስቢ... አልኳት።»

እናቱ ቴሌቪዥኑን አጠፉ። «ለእኔ ጆሮ ታዝናለህ፤ የማይሰማውስ አንተ ነህ፣ ልጄ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ እናቱ ጣቶቹን እየያዙ እንደ ሕፃን አስተማሩት። ከዚያ ሹራቡን ለብሶ በዚያ ሙቀት ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ተጓዘ።

ትምህርት ቤቱ ሲደርስ የእረፍት ሰዓት ነበር። በልጆች ተከባ ግቢው መሃል አያት። ከአጥሩ ማዶ ቆሞ እጁን አነሳ። «ዘገየሁ። እኔም ወድጄሻለሁ።» ልጆቹ እርስ በርስ እየተያዩ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ወደ አጥሩ መጣች።

«ቆርጬዋለሁ ብለኸኝ ነበር።»

«ቆርጫለሁ። አንዷንም ግን አልጣልኩም።» ፍላሹን መዳፏ ላይ አኖረላት። «ምልክት እንደማልችል አላወቅሽም።»

«እኔ አቀርበው የነበረውን የቅዳሜውን ትምህርት የምታቀናብረው አንተ አይደለህ? ስንት ጊዜ አይተኸው፣ እንዴት አታውቅም?»

«እኔ የማየው ፊትሽን ነበራ።»

በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። «እኔ እኮ በአፌ መናገር ፈርቼ ነው... ስትንቀኝ፣ ሥራዬንም አገሬንም ትቼ መጣሁ። ማታ ማታ ጣቢያውን እከፍታለሁ። የቆረጥክበትን ቦታ እያየሁ አንተን አስባለሁ።»

በደወል ፈንታ የክፍሎቹ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ልጆቹ ወደየክፍላቸው ሮጡ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። አሥር ሰከንድ ያህል ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እጇን አንስታ ያቺን የድሮዋን ቃል ቀስ አድርጋ ነገረችው።

«አሁንስ ገባህ?»

ገብቶታል። ያለፈው ጊዜ ግን ቆጨው።

«አልገባኝም» አላት። «ድገሚልኝ።»

ደገመችለት።