ዩስቲና የደፈነችው ቦይ

ዩስቲና ትባላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሷን ከጠየቃችኋት ግን አሥር ነኝ ትላለች፤ አሥር ሊሞላት ሁለት ወር ነው የቀራትና እንለፋት። ቤቷ ግብፅ አገር፣ ከሚኒያ ማዶ፣ በተራራውና በወንዙ መካከል ነው። ከአያቷ ከአባባ መቃር ጋር አትክልቱ ቦታ ዳር ይኖራሉ። የእህቴ ልጅ ናት። የምነግራችሁን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ። ያላየሁትን ራሷ ነግራኛለች፤ “ለልጆቹ ንገሪያቸው” ብላም ፈቅዳልኛለች።

አባባ መቃር ሁለት ነገር አይወዱም።

አንደኛ፣ በቀትር ውሃ የሚያጠጣ ሰው አይወዱም። “በቀትር ያጠጣ ሾርባ ሠራ እንጂ አትክልት አላጠጣም” ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በፋሲካ ሰሞን ሐምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ከበረሃ ሲነሣ፣ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ይፋጃል። ያኔ አትክልተኛ ጎህ ሳይቀድ ይነሣል። ያጠጣል። ችግኙን በሰሌን ይሸፍናል። ፀሐይዋ ስትበረታ እሱም ጥላ ፈልጎ ይጋደማል።

ሁለተኛ፣ የተዘጋ ቦይ አይወዱም። በአትክልቱ ዳር ጥልቅ የማፋሰሻ ቦይ አለ። ትርፍ ውሃ ሁሉ በእሱ አልፎ ወደ መንገዱ ይወጣል። የጎረቤታቸው የሐምዲ እናት መሬት ዝቅ ያለ ነው፤ የእሳቸውም ውሃ የሚወጣው በዚሁ ቦይ ነው። አባባ መቃር በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሲል ያንን ቦይ እስከ አፈሩ ድረስ ይጠርጉታል።

“ለምን?” ብትሏቸው፣ “ዝናብ ቢመጣስ?” ይላሉ።

ዝናብ! ልጆቼ፣ እዚያ ሰፈር ዝናብ ማለት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ይመጣል፣ ሳይቀመጥም ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ይስቅባቸዋል። ጋሪ ነጂው ባህጋት ባለፈ ቁጥር ከጋሪው ላይ ሆኖ ይጮኻል።

“አባባ ኖኅ! መርከቡ የት ደረሰ?”

አባባ መቃርም ቀና እንኳ ሳይሉ፣ “ላንተም ላህያህም ቦታ ይዣለሁ፤ መጀመሪያ የምትገባው ግን አህያዋ ናት” ይሉታል።

ዘንድሮ አባባ ቦዩን ጠርገው ሲጨርሱ ዩስቲናን ጠሯት።

“ዓይኔ ደክሟል” አሏት። “ከዛሬ ጀምሮ የቦዩ ዓይን አንቺ ነሽ። ቅጠልም ይሁን እንጨት የወደቀበትን በየቀኑ ታወጫለሽ። ማታ ማታ ትነግሪኛለሽ።”

ዩስቲና ደረቷን ነፋች። እንኳን ዘጠኝ፣ እንኳን አሥር፣ ያን ቀን ሃያ ዓመት የሞላት መሰላት።

ከዚያ ሐምሲን ተነሣ። ከሆሳዕና በፊት ያለው ዓርብ ነበር። ዶሮዎቹ እንኳ አፋቸውን ከፍተው ተቀመጡ። ቀትር ላይ አባባ አንቀላፉ፣ እኔም አንቀላፋሁ፣ ሰፈሩ በሙሉ አንቀላፋ። ዩስቲና ብቻ አልተኛችም። ቦዩ ዳር ካለው ሙዝ ሥር ሄዳ ቁጭ አለች። ከጠዋት ማጠጣት የተረፈ ውሃ በቦዩ ውስጥ ቀስ እያለ ያልፋል። እግሯን ነከረች። ቀዝቃዛ! ግን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ብቻ ነው።

“ይኼ ውሃ ትንሽ ቢቆም፣ እስከ ደረቴ ይመጣ ነበር” ብላ አሰበች።

ውሃ ማቆም ደግሞ ታውቅበታለች። አባባ የውሃ መግቢያውን ሲዘጉ ስንት ጊዜ አይታለች። ጭቃ ታመጫለሽ፣ ጭድ ትቀላቅያለሽ፣ በውስጥ በኩል ጆንያ ትደግፊያለሽ፣ በተረከዝሽ ትረግጫለሽ።

“ለአንድ ቀን ብቻ” አለች።

ይቺን “ለአንድ ቀን ብቻ” የምትባለዋን ቃል ታውቋታላችሁ አይደል? እኔም አውቃታለሁ። በጾም ቀን ስንቴ ወተት ያለበት ጓዳ አስገብታኛለች መሰላችሁ!

ዩስቲና ቦዩን ደፈነችው። ውሃው ቆመ፣ ከፍ አለ፣ እስከ ደረቷ ደረሰ። ሰፋፊዎቹ የሙዝ ቅጠሎች ከላይ ሸፈኑት። ማንም አያይም። ስትንቦጫረቅ ዋለች።

ማታ አባባ ባቄላውን በዳቦ እያጠቀሱ ጠየቋት።

“ቦዩስ፣ ዩስቲና?”

“እንደ መስታወት ነው፣ አባባ።”

“ተባረኪ” አሏት። ባቄላው ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ። አባባ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት፤ ይኼኔማ ባሰባት።

ቅዳሜም ጠየቋት፤ “እንደ መስታወት” አለች። እሑድም ሰኞም ማክሰኞም እንዲሁ። በማክሰኞው ቀን ባቄላው አልተሰነቀረም። ውሸት እንዲህ ናት ልጆቼ፤ መጀመሪያ ታንቃለች፣ ኋላ እንደ ማር ትወርዳለች።

አሁን ስለ ሐምዲ እናት ልንገራችሁ። እሳቸው ሰላጣ ያበቅላሉ። ክብ፣ ጥቅል፣ ልባቸው ነጭ የሆነ ሰላጣ! ከፋሲካ ማግስት ያለው ሰኞ ሻም ኤል ነሲም ነው። ያን ቀን ክርስቲያኑም እስላሙም ከቤቱ ወጥቶ ሣር ላይ ይቀመጣል፤ ጨው ያለው ዓሣ፣ ለጋ ሽንኩርትና ሰላጣ ይበላል። የሐምዲ እናት የዓመቱን ሰላጣ የሚሸጡት ለዚያች ቀን ነው። እሳቸው ግን አንድም ቅጠል አይነክሱም። ለምን? የፊት ጥርስ የላቸውማ!

“ሠላሳ ዓመት ሰላጣ አሳድጌ እንደ ሕፃን አጥሚት እጠጣለሁ” እያሉ ይስቃሉ። “ዘንድሮ ግን ይኼ ሰላጣ ተሽጦ ጥርስ አስተክላለሁ። ያኔ ዩስቲና፣ ጣትሽን አርቂ!”

ረቡዕ ደረሰ። ሰሙነ ሕማማት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነፋሱ ቀጥ አለ። ሰማዩ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ቡናማ ሆነ። ከተራራው ጀርባ አንድ ነገር አጉረመረመ። የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ ወደቀች፤ ብጠርጋት ጭቃ ናት! በአየር ላይ ያለውን አቧራ ሁሉ ይዛ ነው የወረደችው። ከዚያማ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናብ አይደለም፣ ውሃ በባልዲ ነው የሚደፋብን።

“ሰሌኖቹን አንሡ!” አሉ አባባ መቃር። “ሰሌን ውሃ ከያዘ ችግኙን ይጨፈልቀዋል!”

እየሮጥን አነሣን። አባባ በዝናቡ ውስጥ ቆመው እንደ ሙሽራ ይስቁ ነበር። “መጣ! አላልኳችሁም? ግድ የለም፣ ቦዩ ተጠርጓል!”

ዩስቲና ይኼን ስትሰማ ዓይኗ ወደ ሙዙ ሄደ።

ወዲያው የሐምዲ እናት ጩኸት መጣ። “መቃር! ኧረ መቃር! ውሃው አልወጣም አለ! ሰላጣዬ ሰጠመ!”

አየን። ቦዩ ሞልቶ ወደ ኋላ ተመልሷል። ሰላጣው እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ሰላጣ ደግሞ ውሃ ውስጥ ቆሞ ፀሐይ ከወጣችበት አለቀለት፤ ለነገ የሚተርፈው ሽታው ብቻ ነው። ደመናው ከምዕራብ በኩል መሳሳት ጀምሯል። የሐምዲ እናት በድስት ውሃ ይጨልፋሉ፣ ያፈሳሉ፣ የፈሰሰውም ተመልሶ ይመጣል።

ባህጋት ከጋሪው ወርዶ እየሮጠ መጣ። “አባባ፣ በእናንተ በኩል ቦዩ ተደፍኖ ይሆናል፤ እንየው።”

“በእኛ በኩል ንጹሕ ነው” አሉ አባባ።

“አይተኸዋል?”

“ዩስቲና አይታዋለች። ልጄ አትዋሽም። የተዘጋው መንገዱ ጋ ነው፤ ዶማህን ይዘህ ተከተለኝ!”

ሁለቱም ወደ መንገዱ ሮጡ። አያችሁ? የዩስቲና ውሸት ሁለት ዶማ ይዛ ወደ ማይረባ ቦታ ሄደች።

ዩስቲና ወደ ሙዙ ሥር በረረች። ማንም ሳያይ አፈርሰዋለሁ ብላ ነው። ዘልላ ገባች፤ ከድፍኑ ማዶ፣ ውሃ ባልሞላበት በኩል ቆማ ጭቃውን ቧጠጠች። አልተነካም። በእግሯ መታችው። አሁንም አልተነካም። አምስት ቀን ሙሉ ሐምሲን ሲጠብሰው ከርሟል፤ ጭቃና ጭዱ ጡብ ሆኗል። ጥፍሯ ተሰበረ።

“አምላኬ፣ ዝናቡን አቁምልኝ!” አለች።

እግዚአብሔር ዝናቡን አላቆመም። ምን ብሎ ያቁም? ጥፋቱ የዝናቡ ነው እንዴ? እግር ግን ሰጥቷታል፤ አፍም ሰጥቷታል።

እዚያው እንዳለች ሌላ ሐሳብ መጣባት። “ዝም በይ። ማንም አላየሽም። ጎርፉ ያመጣው ቆሻሻ ነው ይላሉ።” እውነትም ማንም አላየም። ነገር ግን የሐምዲ እናት ድስት ድምፅ ከወዲያ ይሰማል፤ ቧ፣ ቧ፣ ቧ። ሁልጊዜ የሚስቁት ሴትዮ አሁን አይስቁም።

ዩስቲና ከቦዩ ወጣች። ሮጠች። አንድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አልተመለሰችም። መንገዱ ጋ ስትደርስ አባባ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ሆነው ንጹሑን ቦይ ይቆፍራሉ።

“አባባ! እዚያ አይደለም!”

“ዞር በይ ልጄ፣ ዶማ ያገኝሻል!”

“አባባ፣ ሙዙ ሥር ነው! እኔ ነኝ የደፈንኩት! በጭቃና በጭድ፣ ልዋኝበት ብዬ! ‘እንደ መስታወት’ ያልኩህ ሁሉ ውሸት ነው!”

አባባ ዶማውን አየር ላይ እንዳነሡት ቀሩ። ዝናቡ ከቅንድባቸው ይንጠባጠባል። አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ።

“አሳዪን።”

ሦስቱም ሮጡ። አባባ በዶማ፣ ባህጋት ከጋሪው ባወጣው ብረት መቱት። አንዴ፣ ሁለቴ። “ይኼን የሠራችው ልጅ ናት? ቤቴን ትሥራልኝ!” አለ ባህጋት። ሦስተኛው ላይ ተሰነጠቀ። አራተኛው ላይ፣ ግው! ውሃው እንደ በሬ እያገሳ ወጣ። ባህጋትን ጥሎት አለፈ፤ ኮፍያውን ወሰደበት። እኔ ከላይ ሆኜ እልል አልኩ። ከሰላጣው ማሳ ውሃው ይጎድላል፣ ይጎድላል፤ አረንጓዴዎቹ ራሶች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። የሐምዲ እናት ድስታቸውን ጥለው ሰላጣዎቹን እንደ ልጅ ጸጉር ይዳብሳሉ። “አለህ? አንተም አለህ? አልሐምዱሊላህ!”

ሠላሳ ደቂቃ አልቆየም፤ ፀሐይ ወጣች። ያገኘችው እርጥብ አፈር ብቻ ነው።

ዩስቲና ጭቃ በጭቃ እንደሆነች የሐምዲ እናት ፊት ቆመች። ሁሉንም ነገረቻቸው። ሴትዮዋ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዳመጡ።

“ስለዚህ ጥርሴን ልታሰጥሚው ነበር?”

“አዎ፣ እማማ።”

“ሮጠሽ የተናገርሽውም አንቺው ነሽ?”

“አዎ፣ እማማ።”

“እንግዲያው እስከ ሰኞ እያንዳንዱን ቅጠል አንቺ ታጥቢዋለሽ። ጭቃ ጠጥቷል። አንድም እንዳይቀር!” አሉና ሳቃቸው ለቀቃቸው። በባዶ ድዳቸው ግንባሯን ሳሟት።

አባባ ግን አልሳቁም። ሙዙ ሥር ተቀምጠዋል። ዩስቲና አጠገባቸው ሄዳ ቆመች።

“እንዲህ ያለ ዝናብ አርባ ዓመት ስጠብቅ ኖሬያለሁ” አሏት ቀስ ብለው። “ውሸትሽን ግን አልጠበቅኩትም።”

ያኔ ዩስቲና አለቀሰች። ለዱላ የሚለቀስ ልቅሶ አይደለም፤ የሌላ ዓይነት ነው። አባባ እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት። ከዚያ በእርጥብ እጀታቸው ፊቷን ጠረጉላት፤ ጭቃው ባሰ።

“ሙቀቱ ኃጢአት አይደለም፤ ውሃ መውደድም ኃጢአት አይደለም” አሏት። “ብትጠይቂኝ ኖሮ የምትዋኚበት አሮጌ በርሜል አጣልሽ ነበር?”

ሐሙስ ማታ ባቄላው ቀረበ። ዩስቲና አንገቷን ደፍታ ትበላለች። ከእንግዲህ አይጠይቀኝም፣ ሄዶ በራሱ ዓይን ነው የሚያየው ብላ ነበር። አባባ ዳቦውን ቆረሱ።

“ቦዩስ፣ ዩስቲና?”

ቀና አለች። ዓይኗ ሞላ። “ሁለት የሙዝ ቅጠል ነበረበት፤ አውጥቻለሁ። አንድ እንቁራሪትም አለች፣ እሷ ግን አልወጣም አለች።”

አባባ ያን ጊዜ ሳቁ፤ ዳቦው ከእጃቸው እስኪወድቅ። ሄደውም አላዩትም።

ሰላጣው ሰኞ ዕለት ገና ረፋዱ ላይ ተሸጦ አለቀ። ባህጋት በአዲስ ኮፍያ አመላለሰው፤ በአባባ መቃር በር ሲያልፍም “ኖኅ” አላለም፤ “ለእኔም ቦይ ቆፍርልኝ” አለ እንጂ። በሐምሌ የሐምዲ እናት ከከተማ ተመለሱ። አፋቸውን በሻሽ ሸፍነዋል። ዩስቲና አባባ ከቆረጡላት ግማሽ በርሜል ውስጥ ብቅ አለች፤ እዚያ ነው የምትዋኘው። ሴትዮዋ ከመደቡ ላይ አንድ ኪያር ቀጠፉ፣ በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ሻሹን ገለጡ።

ቅርጭጭ!

እንዴት ያለ ድምፅ ነው ልጆቼ! ዩስቲና ጣቷን አርቃ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች።

ልጆቼ፣ ያጠፋነውን ቶሎ እንናገር፤ ውሸት በቆየ ቁጥር እንደ ጡብ ይጠነክራልና።