ናሙና ቁጥር ሁለት

ሱልጣን ሀና ማርያም ባለው የጫማ ማምረቻው ቢሮ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። የፈረከሰው የብረት ፎርማ፣ ጫማ የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ፣ በደም ተለውሶ ከጎኑ ወድቋል። ገዳዩ አንዴ መትቶ አልበቃውም፤ ሰውየው ከወደቀ በኋላም ደጋግሞ አውርዶበታል።

ዋና ኢንስፔክተር አምሳለ ስትደርስ ግቢው ውስጥ ሁለተኛ ሰው ሊሞት ምንም አልቀረውም። እጇ በካቴና የታሰረባትን ጫማ ሰፊዋን ገዲሴን ሠራተኞቹ ከፖሊስ ነጥቀው ይደበድቧታል። ከብስራተ ገብርኤል በነጠላ ጫማ እየሮጠች የመጣችው የሟች እህት ሙፊዳ የገዲሴን ፀጉር ጨምድዳ ይዛለች።

«ልቀቋት» አለች አምሳለ። መጮህ አታውቅም፤ ሰው የሚፈራትም ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ነው።

«ደሙ እጇ ላይ ነው! ትናንት ከሥራ አስወጣሻለሁ ሲላት እዚሁ ተጣልተዋል። ወንድሜን በላችብኝ!»

«ደም የነካው ሁሉ ገዳይ ከሆነ፣ ሬሳ የሚያነሳ ሰው ሊጠፋ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፣ ሙፊዳ። ልቀቂያት።»

ገዲሴ ከከንፈሯ ደም እየጠረገች ተናገረች። «ምሳ ሊደርስ ሲል ልጠራው ብገባ ወድቋል። ቀና ላደርገው ነው የነካሁት፣ እትዬ። እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያያቸዋል?»

«ጠዋት ምን አደረገ?»

«ከአንድ የውጭ አገር ንግድ ቢሮ የመጣ ወረቀት አነበበና ፊቱ ጠቆረ። ያለንን ቢጫ ማስቲሽ በሙሉ ወደ በሩ አውጡልኝ አለ። አንዲት ቆርቆሮ ሳናስቀር አወጣን።»

አምሳለ ቢሮው ገባች። ወረቀቱ የለም። ጠረጴዛው ላይ ግን ቁጥር ብቻ የተለጠፈባቸው ሦስት ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል። አንድና ሦስት እንደታሸጉ ናቸው። ሁለት ተከፍቷል፤ ብሩሽም ውስጡ ተነክሯል። ጎንበስ ብላ የሟቹን ጣቶች አየች። ጥፍሮቹ ሥር ቢጫ የደረቀ ማስቲሽ ከጥቁር ጎማ ፍርፋሪ ጋር ተሰግስጓል።

ቆርቆሮዎቹን ያመጣው ሚሳኤል የሚሠራው በአንድ የሩቅ አገር መንግሥት የንግድ ቢሮ ነው። ለስምንት ሰዓት ቀጠሮው ሲመጣ በሩ ላይ ፖሊስ ጠበቀው።

«እዚህ ያለ አምራች ዕቃ ሲያስፈልገው እዚያ አገር ያሉትን ፋብሪካዎች አጣርተን እናገናኘዋለን» አለ ሚሳኤል። «ክፍያ የለውም። የጋሼ ሱልጣን ጫማ ሶሉ እየተላቀቀ ደንበኛ ሸሽቶት ነበር። የሦስት ፋብሪካ ማስቲሽ መረጥንለት። ሰው ስም አይቶ እንዳይመርጥ ስማቸውን ሸፍነን ቁጥር ብቻ እንሰጣለን። እሽጉም እኔ በሌለሁበት አይከፈትም፤ አሁን ልንከፍት ነበር።»

«ይሄ የተከፈተው ሁለት ቁጥር፣ ነጩ?» አለች አምሳለ።

«ሲደርቅ ቀለም የለውም። እዚህ አገር ገና አልገባም።»

«ወረቀቱስ?»

«ሲጠይቀን ለነበረ ነገር መልስ ነው። ኃላፊዬ ካልፈቀደ አልናገርም።»

«ደውልና አስፈቅድ።»

በዚህ መሐል ነጋ መጣ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሱልጣን ቢጫውን ማስቲሽ ያቀረበ ነጋዴ ነው። መርዶውን ለቡ ሰፈር በተከራየው ቤት ሆኖ እንደሰማ ተናገረ፤ ደረቱን እየደቃም ከእህቲቱ በላይ አለቀሰ።

«መቼ አዩት?» አለች አምሳለ።

«እሁድ! ከእሁድ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም!»

እሷ ግን የምታየው እግሩን ነበር። ሁሉንም ቆዳ መቁረጫው አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበችና ጫማችሁን አውልቁ አለቻቸው።

«አንድ ነገር ከንክኖኛል» ብላ ጀመረች። «ሰው የገደለ ሰው ማስቲሽ ለምን ይከፍታል? ሱልጣን አልከፈተውም፤ ቀጠሮ ነበረው። ወድቆ ሲንፈራገጥ የገዳዩን እግር ያዘ፤ ሶሉም በእጁ ተላቀቀ። ጥፍሩ ሥር የቀረው እሱ ነው። ጫማ ሠሪ በሞላበት ሰፈር ሶል እያንጠለጠሉ ቢወጡ ሁሉም ያስታውሳል። ቢጫው ማስቲሽ ደግሞ ጠዋት ከክፍሉ ወጥቷል። ገዳዩ ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን ከፈተ፤ ቀባ፤ ሬሳው አጠገብ ተቀምጦ እስኪይዝለት ጠበቀ።»

ሙፊዳ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«የገዲሴ ጫማ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው። የሙፊዳ ነጠላ ጫማ ነው። የሚሳኤል በክር ተሰፍቷል። አቶ ነጋ፣ እስቲ የእርስዎን?»

የግራ ጫማው ሶል ዙሪያ ቢጫ መስመር ይታያል። የቀኙ ጫፍ ላይ ምንም የለም። አምሳለ የግራውን ሶል በፒንሳ ያዘችና ሳብ ብታደርገው እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገሸለጠ። ቀኙን ሁለት ፖሊሶች ተጋግዘው ጎተቱት፤ ንቅንቅ አላለም።

የሚሳኤል ስልክ ጮኸ። አነበበው። «ፈቅደዋል። ወረቀቱ የሚለው፣ ነጋ በሚያመጣው ቆርቆሮ ላይ የተጻፈው ፋብሪካ በዚያ አገር የለም፤ ኖሮም አያውቅም።»

«ለቡ የተከራዩት ቤት ውስጥ ግን አለ መሰለኝ» አለች አምሳለ።

ነጋ ከጠረጴዛው ላይ የቆዳ ቢላ አንስቶ ሙፊዳን ከኋላ አነቃት። «ጠርቶ ሰደበኝ! ለከተማው ሁሉ ላሳውቅብህ ነው አለኝ! ዘጠኝ ዓመት ያበላሁት ሰው!» ስለቱ የሙፊዳን አንገት ቀደደ፤ ደም በሻሿ ላይ ወረደ። ከጎኑ የቆመችው ገዲሴ ነበረች። የታሰሩትን ሁለት እጆቿን አንስታ ካቴናውን በሙሉ ኃይሏ የነጋ እጅ አንጓ ላይ አወረደችው። አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰሙ። ቢላው ወደቀ፤ ፖሊሶቹም ነጋን መሬት ላይ አጣበቁት።

ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም። ሙፊዳ ገዲሴ እግር ላይ ተደፋች። ቀደም ሲል ፀጉር በያዘችበት እጅ አሁን የፕላስቲክ ጫማዋን ይዛ ታለቅሳለች።

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ! ስለ አላህ ይቅር በይኝ!»

ገዲሴ ቁልቁል አየቻት። ከንፈሯ አብጧል።

«መጀመሪያ እጄን አስፈቺልኝ» አለች። «ልጆቼ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመዋል።»