ግማሽ ቀይ ወረቀት

ቁምሳጥኑ ተከፍቷል። ጓጉንቸሩ ተጣሞ ወለሉ ላይ ወድቋል።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት። የኮሌጁ የማኔጅመንት ትምህርት ክፍል ኃላፊ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቢሯቸው መሃል ቆመዋል። ተማሪውም ሠራተኛውም «ዶክተር» ነው የሚላቸው።

«አርባ ሁለት የመልስ ወረቀት!» አሉ ለሳጅኑ። «የሥራ አመራር መርሆዎች፣ የመጨረሻው ፈተና። ገና አልታረመም። ቅዳሜ ደግሞ ምረቃ ነው!»

ሳጅኑ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ወፍራም ሰው ነው። ቸኩሎ አያውቅም። ጓጉንቸሩን አነሳ፣ አገላበጠ፣ ኪሱ ከተተ።

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

«ሰው ማማት አልወድም» አሉ ዶክተሩ። ከዚያ ትንፋሽ ሳይወስዱ ሁለት ሰው ጠቆሙ።

አንደኛው ተማሪዎች «ማርኬቲንግ» የሚሉት ጎረምሳ ነው። ከጫማ እስከ ስልክ የማይሸጠው ነገር የለም። ፈተናው ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ወጥቷል።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?» አለው ሳጅኑ።

«ጥርስ ሳስነቅል።»

«ማስረጃ?»

ልጁ አፉን ከፈተ። ሳጅኑ አየና ፊቱን አዞረ።

«ዝጋው። በቂ ነው።»

«ደግሞ ሳጅን፣ ለመስረቅ የሚሆን ትጋት ቢኖረኝ አጥንቼ አልፍ ነበር።»

ሁለተኛዋ ልብስ ሰፊ ናት። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ መንገዱ ዳር የልብስ ስፌት ሱቅ አላት። ሰባት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድን ለኮሌጁ ሰጥታለች። ሰፈሩ «ማኔጀሯ» ይላታል። ሱሪ ሊያሳጥር የሄደ ሰው የአምስት ዓመት ዕቅድ እንዲያወጣ ተመክሮ ይመለሳል። ይህንን ፈተና ዓምና ወድቃዋለች። ዘንድሮ ግን በደንብ እንደሠራች ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች፤ ያልሰማ ቢኖር መስማት የተሳነው ብቻ ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ምረቃ የለም። ሌባ ከተባለች ደግሞ ሰባት ዓመቷ ገደል ገባ።

ስትገባ ትልቅ ቦርሳ አንግታለች።

«ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ይህንኑ ቦርሳ ይዘሽ ከዚህ ቢሮ ስትወጪ ታይተሻል» አለ ሳጅኑ።

«አዎ፣ ወጥቻለሁ።»

«ምን ነበረበት?»

«ጋዋን ነው። አሥራ አንድ የምረቃ ጋዋን። እጅጌው ለጓደኞቼ ስለረዘመባቸው ላሳጥርላቸው ወሰድኩ።» ቦርሳውን ከፍታ አቀረበችለት። «አሥራ አንደኛው የራሴ ነው።»

ሳጅኑ እጁን ቦርሳው ውስጥ ከተተና ወዲያው አወጣው። ስፒል ወግቶታል።

«ጋዋን ነው» አለ ጣቱን እየመጠጠ። «ቢሮው ውስጥስ ምን ትሠሪ ነበር?»

«የቡድን ሥራ ነው። የኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት መምህራችን እውነተኛ ቢሮ ገብታችሁ የሚሠራበትን ከማይሠራበት ለዩ አሉን። የማይሠራበት ላይ ቀይ ወረቀት ይለጠፋል፣ ኃላፊው ዝርዝሩ ላይ ይፈርማል፣ ዕቃው ወደ መጋዘን ይሄዳል። ዶክተር ቢሮዬን ውሰዱ አሉን።»

«ቁምሳጥኑንም ነካችሁ?»

«ተቆልፎ ነበር። አልነካንም።»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት!» አሉ ዶክተሩ። «ቢሮውን ታውቀዋለች፣ ዓምና ወድቃለች፣ ቦርሳ ይዛለች። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

ሳጅኑ ወደ ቁምሳጥኑ ሄደ።

«ወረቀቱ የቱ መደርደሪያ ላይ ነበር?»

«መካከለኛው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከእሁድ። ፈተናው እንዳለቀ በገዛ እጄ ነው ያስቀመጥኩት።»

ሳጅኑ ጣቱን መደርደሪያው ላይ አሳለፈ። ጣቱ ጥቁር ሆነ። አቧራው ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው፤ ዕቃ ያረፈበት ምልክት የለውም።

«አርባ ሁለት ወረቀት አየር ላይ ተንሳፍፎ ነበር እንዴ?»

ዶክተሩ መሐረብ አወጡ። ግንባራቸውን ጠረጉ።

ሳጅኑ ወደ ሰፊዋ ዞረ። «እህቴ፣ ትናንት ከዚህ ክፍል ምን ምን ወጣ? ታስታውሻለሽ?»

«ማስታወስ ለምን ያስፈልጋል?»

ከቦርሳዋ ጥግ በክር የተሰኩ የወረቀት ቁራጮች ጎተተች። ቀይ፣ ሁሉም በግማሽ የተቀደደ። ሱቋ ውስጥ የምታደርገውን ነው ያደረገችው። ደንበኛ ልብስ ሲሰጣት ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ለሁለት ትቀደዋለች፤ ግማሹ ልብሱ ላይ ይሰካል፣ ግማሹን ደንበኛው ይይዛል። የተቀደደው ጠርዝ ካልገጠመ ልብስ አይወጣም። ያኔ የቡድኑ ልጆች ስቀውባት ነበር።

ሳጅኑ አንድ በአንድ አነበበ። የተሰበረ ወንበር። የማይሠራ ማተሚያ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ቆመ።

«ቁጥር አሥራ ሰባት። አንድ ካርቶን፣ 'የተሰረዙ ቅጾች' የሚል ተጽፎበታል። ከዶክተር ጠረጴዛ ሥር።» ቀና አለ። «የተሰረዘ ቅጽ እግርዎ ሥር አድርገው ነው የሚቀመጡት?»

«እኔ... ስለ ካርቶን የማውቀው ነገር የለም።»

«ጽሑፉ የእርስዎ ነበር» አለች ሰፊዋ ቀስ ብላ። «ሰባት ዓመት ቀይ እስክሪብቶዎን አንብቤያለሁ።»

ዶክተሩ ወንበራቸውን ፈልገው ተቀመጡ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ነው» አሉ። «ሌባ ቁምሳጥን ይሰብራል፣ አሮጌ ካርቶን ግን ማን ይነካል? እዚያ ደበቅኩት። ለማንም አልነገርኩም።»

«ዝርዝሩ ሲመጣስ? ፈርመዋል እኮ።»

«ሳላነብ ፈረምኩ። አለቃ በየዝርዝሩ መግባት የለበትም... ሥልጣንን ለበታች መወከል... እኔው ነኝ የማስተምረው።»

«ጓጉንቸሩንስ?»

ዶክተሩ ክራባታቸውን አላሉ።

«ዛሬ ጠዋት መጥቼ ጎንበስ ስል ካርቶኑ የለም። አሮጌ ወረቀት ሰኞ ከሰዓት በወረቀት ፋብሪካ መኪና ይጫናል። ተፈጭቷል ማለት ነው። በዚህ ሳምንት ደግሞ ዲን ሊያደርጉኝ ነው። የፈተና ወረቀት የጣለ ሰው ዲን አይሆንም፤ የተሰረቀበት ግን ይታዘንለታል። በብረት አጣመምኩት።»

ሰፊዋ ግን እሳቸውን መስማት አቁማለች።

«ቀዩን ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «በገዛ እጄ።»

«ነይ» አለ ሳጅኑ። «መጋዘኑን ሳናይ አናለቅስም።»

የመጋዘኑ ኃላፊ ሽማግሌ ናቸው። ኮሌጁ በሙሉ «ነገ ና» ይላቸዋል። አንድ ጠመኔ ለማውጣት ሦስት ፊርማ፣ አንድ ማህተምና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። የሰደባቸው እንጂ ያመሰገናቸው ሰው አይታወቅም።

«ጋሼ፣ ትናንት የወረቀት መኪና መጥቶ ነበር?» አለ ሳጅኑ።

«መጥቷል።»

«ጭኖ ሄደ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት።

«በምን ይጭናል?» አሉ። «ዕቃው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የታለ ብዬ ሾፌሩን ስጠይቀው አፈጠጠብኝ። በግማሽ ወረቀት ከዚህ መጋዘን አንዲት ክብሪት አትወጣም! ነገ ና አልኩት።»

ሰፊዋ ከክሩ ላይ ቁጥር አሥራ ሰባትን መዘዘች። ከማተሚያው ጀርባ ካርቶኑ ተቀምጧል። ግማሹን ከግማሹ አስጠጋች። ጠርዙ ገጠመ።

ሳጅኑ ከፈተው። ቆጠረ። አርባ ሁለት።

«እፎይ!» ብላ ሽማግሌው አንገት ላይ ተጠመጠመች። «ዕድሜዎን ያርዝመው ጋሼ!»

«ኧረ ቀስ! መነጽሬን!»

ዶክተሩ በር ላይ ቆመው ነበር፣ አንገታቸውን ደፍተው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አሏት።

«አድርጌያለሁ ዶክተር። ወረቀቴን ግን ሌላ ሰው ያርምልኝ።»

«እርስዎ ከእኔ ጋር ጣቢያ ይመጣሉ» አለ ሳጅኑ። «የሐሰት ጥቆማ ተጠያቂነት ለማንም አይወከልም።»

ከዚያ በኋላ ነው የሰፊዋ ፈገግታ ድንገት የጠፋው። ሳጅኑን ወደ ጥግ ሳበችው።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት። የእኔን ወረቀት ለአምስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጡኝ።»

«ለምን?»

«አራተኛው ጥያቄ የቢሮክራሲን ጉዳት በምሳሌ አስረዳ ይላል።» ወደ ሽማግሌው ሰረቅ አድርጋ አየች። «ገጽ ተኩል ሙሉ ስለ እሳቸው ነው የጻፍኩት።»

ሳጅኑ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ማስረጃ አይነካም እህቴ።»

ሽማግሌው ከመዝገባቸው ቀና ሳይሉ እጃቸውን ካርቶኑ ላይ ጫኑ።

«የምትስቁበትን አላውቅም። ይህ ዕቃ ግን ያለ ማህተም አይወጣም፤ ማህተም ያዡ ደግሞ ዛሬ ፈቃድ ላይ ነው። ነገ ኑ።»

«እሺ ጋሼ» አለች ሰፊዋ። በሰባት ዓመት ውስጥ ያንን ቃል ሰምታ ስትደሰት የመጀመሪያዋ ነበር። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ አሥራ አንድ ጋዋን ይጠብቃታል።